በሊብረኦፊስ ውስጥ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር የሚወሰንበት መንገድ

በኮሌጅ ያለ ተማሪ የሴሚናር ጽሑፉን የሚያዘጋጀው፣ ጸሐፊዋ ደብዳቤዋን የምትጽፈው፣ ሒሳብ ሹሙም ደመወዝ የሚያሰላው ዛሬ የቢሮ ፕሮግራሞች ስብስብ በተባለው መሣሪያ ነው። በዚህ ስብስብ ውስጥ የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ የሠንጠረዥ ማስሊያ፣ የስላይድ ማዘጋጃና የመረጃ ማኅደር ፕሮግራም አብረው ይገኛሉ። እያንዳንዱም ፕሮግራም ብዙ ተግባር አለው፤ ተግባር ስንል ፕሮግራሙ ለተጠቃሚው የሚፈጽምለት አንድ የተለየ ሥራ ማለታችን ነው፤ የግርጌ ማስታወሻ ማስገባት አንድ ተግባር ነው፤ የፊደል ግድፈት ማረምም ሌላ ተግባር ነው። ስብስቡን አንድ ኩባንያ የሚሸጠው እንደ ሆነ የትኛው ተግባር እንዲገባ የሚያዝዝ ሹም አለ፤ ሹሙም ቢሳሳት ገበያው ይነግረዋል። የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ለማንም ሰው ክፍት ሲሆን ግን አዛዥም ሻጭም የለም። ታዲያ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለው ነገር በምን ይወሰናል? ይህን ለመመርመር ሊብረኦፊስ የተባለውን ስብስብ መርጠናል፤ ታሪኩ ረዥም፣ ሥራውም በአደባባይ የሚካሄድ ስለ ሆነ ለምርመራ ይመቻል። በተለየ ካልተገለጸ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሊብረኦፊስ መነሻ በጀርመን አገር ስታር ዲቪዥን የተባለው ኩባንያ ይሸጠው የነበረው ስታር ኦፊስ ነው። ይህን ኩባንያ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1999 ገዛው፤ በ2000ም ምንጭ ኮዱን ክፍት አደረገው። በዚያን ጊዜ ስታር ኦፊስ እጅግ የተጫነ ፕሮግራም ነበር። ከጽሑፍና ከሠንጠረዥ ሌላ የራሱ የሆነ ዴስክቶፕ፣ የኢንተርኔት ማሰሻ፣ የኢሜይል ፕሮግራምና የቀጠሮ መዝገብ ነበረው፤ አንዲት ደብዳቤ ለመጻፍ የፈለገ ሰው ይህን ሁሉ አብሮ ይከፍት ነበር። በ2002 ኦፕንኦፊስ 1.0 በተባለ ስም ሲወጣ ግን ዴስክቶፑም፣ ማሰሻውም፣ ኢሜይሉም አብረውት አልወጡም። ከክፍትነት ዘመኑ የመጀመሪያ ታላላቅ ውሳኔዎች አንዱ እንግዲህ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነበር ለማለት ይቻላል። ይህን ለመረዳት አያስቸግርም። ማሰሻና ኢሜይል ከውጭው ዓለም ጋር ሲነጋገሩ የሚውሉ ስለ ሆኑ የመረቡ ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር መለወጥ፣ አዲስ አደጋ በተገኘ ቁጥርም ወዲያው መጠገን አለባቸው። ለዚሁ ሥራ ብቻ የቆመው የሞዚላ ፕሮጀክትም ከ1998 ጀምሮ ኮዱን ክፍት አድርጎ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ «የቢሮ ስብስብ ያለ ኢሜይል ምን ይሆናል?» የሚሉ ሰዎች አልጠፉም፤ ጥያቄው ያለ አግባብ አይደለም፤ ነገር ግን ጥያቄውን የሚያቀርበው ሰው የጥገናውን ሸክም አብሮ አያቀርብም።

አሁን ወደ ወሳኞቹ እንለፍ። ኦራክል የተባለው ኩባንያ በ2010 ሰንን በገዛ ጊዜ ከፕሮግራሙ ሠሪዎች ብዙዎቹ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ዘ ዶኩመንት ፋውንዴሽን የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ሥራቸውንም ሊብረኦፊስ ብለው ሰየሙት። ድርጅቱ በ2012 በበርሊን ከተማ በሕግ ተመዘገበ። ገንዘቡንና ስሙን የሚጠብቅ ቦርድ አለው፤ በሙያው ነገር ግን የምህንድስና መሪ ኮሚቴ የተባለ ጉባኤ በየሳምንቱ እየተሰበሰበ ይመክራል፤ ስለ መልክና ስለ አጠቃቀም የሚመክር የንድፍ ቡድንም አለ። ማንም ሰው የሚፈልገውን ተግባር በአደባባይ መዝገብ ላይ ሊያስመዘግብ ይችላል። መመዝገብ ግን ማዘዝ አይደለም። አንድ ሰው ተነሥቶ ኮዱን መጻፍ አለበት፤ የጻፈውንም ሌላ ልምድ ያለው ሰው በግልጽ ይመረምረዋል፤ መኪናውም በተዘጋጁ ፈተናዎች ያልፍበታል። ጸሐፊው በጎ ፈቃደኛ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደንበኞቹ ተግባሩን የፈለጉበት ኩባንያ ተቀጣሪ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ፋውንዴሽኑ ከስጦታ በተገኘ ገንዘብ ሥራውን በጨረታ ያሠራል። አዲስ ታላቅ እትም በዓመት ሁለት ጊዜ በተወሰነ ወቅት ይወጣል፤ ያልደረሰ ተግባር ካለ እትሙ አይጠብቀውም፤ ለሚቀጥለው ይተላለፋል።

ስለዚህ «ማን ይወስናል?» ቢባል አጭሩ መልስ «የሚሠራው ይወስናል» የሚል ነው። ይህ መልስ እውነት ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው፤ ምክንያቱም ሠሪው ይሄዳል፣ ተግባሩ ግን ይቀራል።

አንዳንድ ሰው ነገሩ በቁጥር ይለቅ ይላል፤ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ይግባ፣ ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት ይውጣ ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ለጆሮ የቀና ቢመስልም እንደ ተነገረው አይሠራም። ማይክሮሶፍት ፈቃደኞች ከሆኑ የዎርድ 2003 ተጠቃሚዎች የሰበሰበውን መረጃ ከሠራተኞቹ አንዱ በ2006 ገልጾ ነበር። በዚያ መሠረት መለጠፍ፣ ማስቀመጥ፣ መቅዳት፣ የተሠራውን መቀልበስና ፊደል ማድመቅ የተባሉት አምስት ትእዛዞች ከጠቅላላው የትእዛዝ አጠቃቀም 32 በመቶ ይዘው ተገኙ፤ መለጠፍ ብቻውን ከ11 በመቶ ይበልጥ ነበር። ይህን የሰማ ሰው የቀረውን ሁሉ ለመጣል ይቸኩል ይሆናል። ነገር ግን የቀረው 68 በመቶ በብዙ ትእዛዞች ላይ በጥቂት በጥቂቱ የተበተነ ነው፤ ከነዚህም እያንዳንዱ ሰው የሚፈልጋቸው ጥቂቶች ከጎረቤቱ ጥቂቶች ይለያሉ። ደብዳቤ ብቻ የምትጽፍ ጸሐፊ የግርጌ ማስታወሻ ዓመቱን ሙሉ ሳትነካ ትኖራለች፤ ያለ ግርጌ ማስታወሻ ግን በዚህ ኮሌጅ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አይቀርብም። ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ጽሑፍ ለአብዛኛው አውሮፓዊ ምኑም አይደለም፤ ለዐረብኛና ለዕብራይስጥ ግን መጀመሪያውም መጨረሻውም እርሱ ነው። ደግሞም ሊብረኦፊስ ተጠቃሚው ሳይፈቅድ አጠቃቀሙን ስለማይሰበስብ የሚቆጠር ነገር ብዙ የለውም። በመዝገቡ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች እንቁጠር ቢባልም፣ እዚያ የተጻፈው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የሚችልና ለመጻፍም ትዕግሥት ያለው ሰው ጥያቄ ነው፤ የተጠቃሚው ሕዝብ ሁሉ ድምፅ አይደለም።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ስንት ሰው ይፈልገዋል?» ሳይሆን «ይህ ተግባር በፋይሉ ውስጥ ምን ይጽፋል?» የሚለው ነው። በስክሪኑ ላይ ብቻ የሚታይ ተግባር ዛሬ ገብቶ ነገ ቢወጣ የሚያዝን ሰው ቢኖርም የሚጠፋ ጽሑፍ የለም። በፋይል ውስጥ ምልክቱን የሚያስቀምጥ ተግባር ግን ቃል ኪዳን ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ፋይል ሲከፈት ምልክቱን አውቆ የሚያነብ ኮድ መኖር አለበት። ሊብረኦፊስ ዋና አድርጎ የሚጠቀምበት ኦፕን ዶኩመንት የተባለው የፋይል ሥርዓት በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ በቁጥር 26300 ተመዝግቧል፤ ስለዚህ አዲስ ተግባር የፋይሉን ይዘት የሚነካ ከሆነ ነገሩ የአንድ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ያንን ደረጃ የሚከተሉ ፕሮግራሞች ሁሉ ጉዳይ ይሆናል። የማይክሮሶፍትን ፋይሎችም ማንበብና መጻፍ ስላለበት ሸክሙ እጥፍ ነው። እኔ ራሴ አንድ የሴሚናር ጽሑፍ በአንድ ፕሮግራም ጽፌ በኮፒ ቤት በሌላ ፕሮግራም ስከፍተው የግርጌ ማስታወሻዎቹ ከየገጻቸው ሸሽተው አግኝቻቸው ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ተግባር ተጨመረ ሲባል ደስታዬ ጥቂት ቀንሷል።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚሻል ምሳሌ የሠንጠረዥ ዓምዶች ጉዳይ ነው። በሠንጠረዥ ፕሮግራም ውስጥ ዓምዶች በላቲን ፊደላት ይጠራሉ። በሊብረኦፊስ ካልክ የዓምዶቹ ቁጥር ለብዙ ዘመን 1,024 ነበር፤ የመጨረሻውም ዓምድ ኤ-ኤም-ጄ ይባል ነበር። ኤክሴል ግን በ2007 እትሙ ከ256 ዓምዶች ወደ 16,384 አለፈ፤ የመጨረሻው ዓምድም ኤክስ-ኤፍ-ዲ ሆነ። የረድፎቹ ቁጥር በሁለቱም ዘንድ 1,048,576 ሆኖ ተስተካክሎ ነበር። በቁጥር ቢታይ ከ1,024 በላይ ዓምድ የሚያስፈልገው ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ደመወዝ የሚያሰላ ሒሳብ ሹም ሠላሳ ዓምድ ይበቃዋል። ነገር ግን የሳይንስ መለኪያ መሣሪያ ወይም የመጠይቅ ጥናት ያወጣው ሰፊ ፋይል በሊብረኦፊስ ሲከፈት የዓምዱ ወሰን ስላለፈ መረጃው በሙሉ አልተጫነም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣ ነበር። ማስጠንቀቂያውን ሳያስተውል ያለፈና ፋይሉን መልሶ ያስቀመጠ ሰው የቀረውን መረጃ በገዛ እጁ አጠፋው ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው የምቾት ጥያቄ አልነበረም።

ታዲያ አንድ ቁጥር መለወጥ ለምን ይህን ያህል ዘመን ፈጀ? አንደኛ ነገር፣ ያ ቁጥር በአንድ ቦታ የተጻፈ አልነበረም፤ በኮዱ ውስጥ በብዙ ስፍራ የተመካበት ሥራ ነበር። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ለዓምዶቹ ሁሉ አስቀድሞ ቦታ የሚይዝና አንድን ሙሉ ረድፍ በሚነካበት ጊዜ ዓምዶቹን አንድ በአንድ የሚዞር ስለ ነበር፣ ዓምዱን አሥራ ስድስት እጥፍ ማድረግ አሥር ዓምድ ብቻ የሚጠቀመውንም ሰው ያዘገየዋል። ሦስተኛው ደግሞ የረቀቀ ነው። ተጠቃሚ ለአንድ የሠንጠረዥ ክፍል ስም ሊሰጥ ይችላል፤ ስሙ ግን የሴል አድራሻ መምሰል የለበትም። ቲ-ኤ-ኤክስ ከተባሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ 2020 ብሎ ስም ያወጣ ሰው፣ ይህም በእንግሊዝኛ የ2020 ግብር ማለት ነው፣ በ1,024 ዓምዶች ዘመን ምንም አላጠፋም፤ እንዲህ የሚባል ዓምድ አልነበረምና። ዓምዶቹ 16,384 ሲሆኑ ግን ቲ-ኤ-ኤክስ 13,570ኛው ዓምድ ይሆናል፤ ስሙም በድንገት አድራሻ ይመስላል። እንዲሁም ከመጀመሪያው ዓምድ እስከ ኤ-ኤም-ጄ ብሎ የጻፈ ሰው ያሰበው «ረድፉን በሙሉ» ነው ወይስ በእርግጥ 1,024 ዓምዶችን ብቻ? ፋይሉ ይህን አይናገርም። ተግባሩ በመጀመሪያ ለሙከራ ብቻ ቀርቦ፣ የመረጃው አያያዝ ተሻሽሎ፣ ዝግመቱም ከተቃለለ በኋላ በነሐሴ 2022 በወጣው 7.4 እትም ለሁሉ የሚሠራ ሆነ። ከኤክሴል 2007 አሥራ አምስት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ዘገየ ብሎ የሚወቅስ ሰው ቢኖር አልቃወመውም፤ ግን ፈጥኖ ገብቶ የሁሉን ሰው ሠንጠረዥ ቢያዘገይ ኖሮ ወቀሳው ይበዛ ነበር።

ፋይሉን የማይነኩ ተግባሮችስ ዋጋ የላቸውምን? አላቸው፤ ዋጋቸው ግን ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት በ2007 እትሙ የቆየውን ሜኑ ትቶ ሪበን የተባለውን ሰፊ መደርደሪያ ካመጣ በኋላ የሊብረኦፊስ ተጠቃሚዎች ውሎ አድሮ በሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ እኛም እንከተል አለ፣ ግማሹ የለመድነውን አትንኩብን አለ። ኖትቡክባር የተባለው ተመሳሳይ መደርደሪያ በ2017 በ5.3 እትም ለሙከራ ገባ፤ በ2019 በ6.2 እትም ሙሉ ተግባር ሆነ፤ የድሮው ሜኑም ሳይነሣ ቀረ። ሁለቱንም ማስደሰት ጥበብ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ሆኖም ምርጫ ሁሉ ፈተናን ያበዛል። «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባሉ አሥር ምርጫዎች ቢኖሩ ፕሮግራሙ ሊገኝባቸው የሚችሉት ሁኔታዎች 1,024 ይሆናሉ (ከላይ ካለው የዓምዶች ቁጥር ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው)፤ ይህን ሁሉ የሚፈትን ሰው አይገኝም። የሐሳብ ልዩነት በተነሣ ቁጥር «ምርጫ ይጨመርበት» ማለት አንዳንድ ጊዜ ከውሳኔ መሸሽ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት።

በመግባትና በመቅረት መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ተቀጥላ ነው። ተቀጥላ ከዋናው ፕሮግራም ውጭ ተሠርቶ የፈለገው ሰው ብቻ የሚጭነው ነው። የሙኒክ ከተማ አስተዳደር ኮምፒዩተሮቹን ወደ ሊኑክስ ባዛወረ ጊዜ (በ2013 ወደ 15,000 የሚጠጉ ነበሩ) የየመሥሪያ ቤቱ የደብዳቤ ራስ፣ የጸሐፊው ስም፣ የክፍሉ አድራሻና ልዩ ልዩ ቅጾች በራሳቸው እንዲሞሉ ይፈልግ ነበር። ለዚህም ዎልሙክስ የተባለ ተቀጥላ አሠራ፤ በ2008ም ኮዱን ክፍት አደረገ። ይህ በትክክለኛው ቦታ የተቀመጠ ሥራ ይመስለኛል። የአንድ ከተማ የደብዳቤ ሥርዓት በዋናው ፕሮግራም ውስጥ ቢገባ ኖሮ የከተማው ምክር ቤት በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ሲወስን ሸክሙ ለሌሎች ይቀር ነበር። በሌላ በኩል ተቀጥላ የራሱ ችግር አለው፤ ዋናው ፕሮግራም በተለወጠ ቁጥር ጠባቂዎቹ መከተል አለባቸው፤ ጠባቂ ያጣ ተቀጥላ ከጥቂት እትም በኋላ መሥራቱን ሊያቆም ይችላል።

ጠባቂ ማጣት በዋናው ፕሮግራም ውስጥም ይደርሳል። የመረጃ ማኅደሩ ፕሮግራም ቤዝ በውስጡ የሚጠቀምበት ሞተር በጃቫ የተጻፈ ስለ ሆነ ጃቫ በኮምፒዩተሩ ላይ መኖር ነበረበት። ይህን ለማስቀረት ፋየርበርድ የተባለው ሌላ ሞተር በ2014 ለሙከራ ገባ። አዲሱን ሞተር ማስገባት ቀላሉ ክፍል ነበር። ከባዱ ሰዎች በአሮጌው ሞተር ያከማቹትን መረጃ ቀኑንና ክፍልፋዩን ሳያዛቡ ማሻገር ነው፤ በዚህም ምክንያት ነገሩ ለብዙ ዓመታት ከሙከራ ሳይወጣ ቆየ።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ብንመጣ፣ ሊብረኦፊስ በአማርኛ ሜኑ ይገኛል። ትርጉምና የፊደል ግድፈት ማረሚያ መዝገበ ቃላት ከኮዱ ተለይተው የሚቀመጡ ስለ ሆኑ ቋንቋን መጨመር ሌላውን ተጠቃሚ አያዘገይም፤ ስለዚህም ጥቂት ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ሁሉ በር ተከፍቶለታል፤ የሚጠይቀው የትርጉም ድካም ብቻ ነው። በቁጥር ብቻ የሚመራ ሻጭ ይህን በር ብዙ ጊዜ ይዘጋዋል። ነገር ግን አንዳንድ ፍላጎት በመዝገበ ቃላት አያልቅም። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር እንደ መፈተኛ ጥያቄ ወስደን ከላይ ባየነው መንገድ እንመርምረው። ካልክ በውስጡ ቀንን የሚይዘው ከዲሴምበር 30 ቀን 1899 ጀምሮ በተቆጠሩ ቀኖች ብዛት ነው፤ ስለዚህ አቆጣጠሩ ቢለወጥ የሚለወጠው የሚታየው ብቻ ነው፤ መደመርና መቀነሱ እንደ ነበረ ይኖራል። የትኛው አቆጣጠር እንደሚታይ የሚገልጸው ምልክት ግን በፋይሉ ውስጥ ስለሚጻፍ ምልክቱን የማያውቅ ሌላ ፕሮግራም ቀኑን በሌላ መልክ ሊያሳየው ይችላል። ይህ እንግዳ ችግር አይደለም፤ ሊብረኦፊስ የሂጅራን፣ የዕብራውያንን፣ የቡድሂስቶችንና የጃፓንን አቆጣጠር ያውቃል፤ የዕብራውያንም ዓመት አንዳንድ ጊዜ 13 ወር አለው። በተቀጥላ ይሠራ ቢባል አንዱን ቀን ወደ ሌላው የሚለውጥ ፎርሙላ በተቀጥላ መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን በሴሉ ላይ ቀኑ ራሱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ፣ በደብዳቤም ራስ ላይ እንዲወጣ ከተፈለገ ቦታው ዋናው ፕሮግራም ነው።

ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «ለኢትዮጵያውያን ያስፈልጋል» ብሎ መጻፍ ብዙ አይረዳም፤ ማስፈለጉን የሚክድ የለም። ለሚሠራውና ለሚመረምረው ሰው የሚጠቅመው ከጥያቄው ጋር የሚያያዝ ፋይል ነው፤ በአንዱ ዓምድ የአውሮፓው ቀን፣ በሁለተኛው መውጣት ያለበት የኢትዮጵያው ቀን የተጻፈበት። በዚያ ፋይል ውስጥ ካልክ 45180 ብሎ የሚይዘው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መግባት አለበት፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነውና። ጳጉሜንን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርጎ የጻፈ ፕሮግራመር በሌሎቹ ሁሉ ቢያልፍ እንኳ በዚህኛው ይያዛል።